ሕግ ጨዉን አዳረሰ፤ ሰሃኑስ?

ከ2003 እስከ 2008 ዓ.ም ባሉት አምስት ዓመታት በኢትዮጵያ ሕፃናት ላይ የሚቃረኑ የሚመስሉ ሁለት ለውጦች ታዩ። በብሔራዊው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት መካከል የቀነጨሩት ከ44 ወደ 38 በመቶ ወረዱ፤ የደም ማነስ ያለባቸው ግን ከ44 ወደ 57 በመቶ አሻቀቡ። ስለ መጀመሪያው ብዙ ተባለ፤ ስለ ሁለተኛው ግን ዝምታው በዛ። አዲስ አበባ ላይ ልዩነቱ ይብሳል፤ በ2008 ዓ.ም በከተማዋ የቀነጨሩት ሕፃናት 15 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ ደም ያነሳቸው ግን ወደ ግማሽ ይጠጉ ነበር። ወባ በማያሰጋት በዚህች ደጋ ከተማ የዚህን ያህል የደም ማነስ ሲገኝ ጥያቄው በአመዛኙ ወደ ገበታ ይመለሳል። ሆድ ሞልቶም ብረት፣ ዚንክ፣ ቫይታሚን ኤ ሊጎድል ይችላል። የሥነ ምግብ ባለሙያዎች ድብቁ ረሃብ የሚሉት ይህንን ነው።

ችግሩ ለአገሪቱ አዲስ አይደለም። በ1950ዎቹ በስዊድን ድጋፍ የተቋቋመው የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል፣ ኋላም የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት፣ የአገሩን እህልና አትክልት መርምሮ የምግቦችን ይዘት በሠንጠረዥ አውጥቷል፤ ፋፋ የተባለውን የሕፃናት ምግብም ለእናቶች ያስተዋወቀው እርሱ ነው። ሥራውን የወረሰው የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ዛሬም በአዲስ አበባ፣ ከአፍንጮ በር ሰፈር ብዙም በማይርቀው ፓስተር አካባቢ ይገኛል። በ2011 ዓ.ም የምግብና ሥርዓተ ምግብ ፖሊሲ ጸደቀ፤ በ2014 ዓ.ም ደግሞ ኢንስቲትዩቱ ብሔራዊ የአመጋገብ መመሪያ አወጣ። እንግዲህ ዕውቀቱ ከስድሳ ዓመት በላይ ሲጠራቀም ኖሯል። የጎደለው ዕውቀቱ ወደ ማዕድ ቤት የሚገባበት መንገድ ነው።

ለዚህ የሚሰጠው ፈጣን መልስ፣ ሰው አስተምሮ ከመለወጥ ምግቡን መለወጥ ይቀላል የሚል ነው። ማስረጃውም ጨው ነው። ከኤርትራ ጋር ጦርነት እስከተነሳበት እስከ 1990 ዓ.ም ድረስ አዮዲን ያለው ጨው በአሰብ በኩል ይመጣ ነበር። ያ መንገድ ሲዘጋ ገበያውን የሞላው አዮዲን ያልተጨመረበት የአፋር ጨው ሆነ። በ2003 ዓ.ም አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው በ15 በመቶ ቤቶች ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው ደንብ አዮዲን መጨመርን ግዴታ አደረገ፤ በ2008 ዓ.ም ቁጥሩ 89 በመቶ ደረሰ። እንቅርትን ለመከላከል ይህን ያህል መንገድ በአምስት ዓመት ያስኬደ ስብከት የለም። በ2014 ዓ.ም የስንዴ ዱቄትንና የምግብ ዘይትን ማበልጸግ አስገዳጅ እንዲሆን የተወሰነውም በዚሁ መንፈስ ነው።

ማስረጃው ጠንካራ ነው፤ የሚያስኬደው ግን እስከ ቤቱ በር ድረስ ነው። አዮዲን በፀሐይና በእርጥበት፣ እንዲሁም ከወጡ ጋር ረጅም ጊዜ ሲንተከተክ ይቀንሳል። ሳይከደን የተቀመጠና ገና ከጅምሩ ድስት ውስጥ የተጨመረ ጨው ሕጉ ያሰበውን አያደርስም። የእርጉዝ እናቶች የብረት እንክብል ታሪክ ከዚህም ይበልጥ ይናገራል። በ2008ቱ ጥናት፣ በመጨረሻ እርግዝናቸው ጊዜ እንክብሉን የወሰዱት ሴቶች 42 በመቶ ነበሩ፤ ለ90 ቀናትና ከዚያ በላይ የወሰዱት ግን 5 በመቶ ብቻ። ኪኒኑ እጃቸው ገብቶ ሳለ ያቋረጡት በርካቶች ናቸው። ማቅለሽለሹ እንደሚያልፍ፣ ሰገራ መጥቆሩ ጉዳት እንደሌለው፣ ሕመም ሳይሰማም መቀጠል እንደሚገባ የሚያስረዳ ሰው የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። አቅርቦት ብቻውን በቂ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ቁጥሮች ይህን ያህል አይራራቁም ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የድህነት ነው፦ እንቁላልና ወተት መግዛት ላልቻለች እናት ስለ እንቁላልና ወተት ማውራት ምን ይባላል? ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ከ1999 እስከ 2008 ዓ.ም ያለውን ዋጋ ሲመረምር፣ የእህል ዋጋ ከኑሮ ውድነቱ ተለይቶ ሲታይ እንዳልጨመረ፣ በንጥረ ነገር የበለጸጉት ምግቦች ግን ከ19 እስከ 62 በመቶ እንደተወደዱ አግኝቷል። ስለዚህ ተቃውሞው እውነት አለው። ከዚያው ተቋም ተመራማሪዎች የተሳተፉበት፣ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የተደረገ ሌላ ጥናት ግን ነገሩን ያጠራዋል፦ የወላጆች የሥነ ምግብ ዕውቀት የልጆችን ገበታ በጉልህ ያሻሻለው ለገበያ ቅርብ በሆኑ ቦታዎች ነው፤ ገበያ በራቀበት ዕውቀቱ ብቻውን ብዙም አልፈየደም። የትምህርቱ ፍሬ የሚወሰነው ምግቡ በሚደረስበት ርቀት ነው ማለት ነው።

በዚህ መመዘኛ አፍንጮ በር ትምህርት ከሁሉ በላይ ሊያፈራባቸው ከሚችሉ ሰፈሮች አንዱ ነው። ጎመኑ፣ ካሮቱ፣ ቃሪያው በጉሊት ይገኛል። እርግጥ ቅርበቱ እንደ ድሮው አይደለም። የፒያሳው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ፤ በ2013 ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ፤ ጅምላው ከመሐል አራዳ ወጥቶ ከከተማዋ ጫፍ ደረሰ። የ2016ቱ የፒያሳ ፈረሳም ብዙ ነዋሪዎችን ከለመዱት ጉሊት አራርቋል። የገበያ ቦታ ውሳኔ የሥነ ምግብ ውሳኔም እንደሆነ ከዚህ ይታያል። ቢሆንም ትምህርቱን በየቤቱ የሚያደርሰው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር የተቀረጸው መጀመሪያ ለገጠሩ ነው፤ ወደ ከተማ የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። መልእክቱም ብዙ ጊዜ «የተመጣጠነ ምግብ ተመገቡ» ከሚል ጥቅል ምክር አያልፍም። ይህ ምክር በኪስ ላለው ገንዘብ ምን ይገዛ፣ እንዴት ይሠራ ለሚለው መልስ የለውም።

መልሱ ግን አለ፤ አብዛኛውም ወጪ አይጨምርም። በጤፍና በምስር ያለው ብረት ለሰውነት በቀላሉ አይሰጥም። በእርሾ በደንብ የቦካ ሊጥ ብረቱን አስሮ የሚይዘውን ፋይቴት ይቀንሳል። ከሽሮ ጋር የሚበላ ጥሬ ቃሪያ ወይም ሎሚ በቫይታሚን ሲው ብረቱ እንዲገባ ያግዛል። ከምግብ ላይ ወዲያው የሚጠጣ ሻይና ቡና በተቃራኒው ያግደዋል፤ አንድ ሰዓት ቢዘገይ ይሻላል። በጎመንና በካሮት ያለው የቫይታሚን ኤ መነሻ ዘይት ይፈልጋል። ጾምም ቢሆን እንደሚባለው እንቅፋት ብቻ አይደለም፤ የጾም ገበታ ጥራጥሬና ጎመን የሞላበት ነው። ጉድለቱ ከእንስሳት ተዋጽኦ በሚገኘው ቫይታሚን ቢ12 ላይ ነው፤ ችግሩም የሚከፋው ቤተሰቡ ሲጾም፣ ድስቱ እንዳይነካካ ተብሎ፣ ጾም ለማይመለከተው ሕፃን ለብቻው ሳይሠራለት ሲቀር ነው። ይህን ከጤና ባለሙያ ይልቅ የንስሐ አባት ቢናገረው ይሰማል።

ትምህርት ብቻውን ያድናል የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል። በአማራ ክልል በቤት ለቤት ምክር፣ በግብርናና በሬዲዮ የተቀናጀ ሥራ የሕፃናትን አመጋገብ አሻሽሏል፤ ሥራው ሲያበቃ ግን አብዛኞቹ ሕፃናት ከሚፈለገው ዝቅተኛ የምግብ ስብጥር ገና አልደረሱም ነበር። ስለዚህ የሚፈለገው ትምህርቱን ከአቅርቦቱ ጋር ማጣመር ነው፦ እንክብሉ ከምክር ጋር ይሰጥ፤ ከ2011 ዓ.ም ወዲህ በከተማዋ ትምህርት ቤቶች የሚቀርበው ምገባ ልጆች ወደ ቤት የሚወስዱት ትምህርት ይሁን፤ ጉሊት ከነዋሪው አይራቅ። የጤና ጣቢያ ሪፖርትም ስንት ሰው ስብሰባ እንደተቀመጠ መቁጠሩን ትቶ፣ ስንቷ እናት እንክብሏን እንደጨረሰች፣ የስንቱ ሕፃን ሰሃን ላይ ትናንት አትክልትና ጥራጥሬ እንደነበረ ይጠይቅ። ጨዉ ውጤት ማምጣቱ የታወቀው በየቤቱ ስለተለካ ነው፤ ትምህርቱም እዚያው ይለካ።