ከፀሐይ ሙቀትና መብራት ለገጠር ቤት

በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ወረዳዎች ከዋናው መንገድ ርቀው የሚኖሩ ገበሬዎች በግ ሸጠው ወይም ከድንች ሽያጭ ቆጥበው ሕዝቡ በተለምዶ ሶላር የሚለውን መሣሪያ ይገዛሉ። ከእነዚህም አንዳንዶቹ ለዓመታት ሲገለገሉበት፣ ሌሎቹ የመጀመሪያው ክረምት ሳያልፍ ባትሪው ሞቶባቸው ወደ ኩራዝ ይመለሳሉ። ለዚህ ልዩነት አንዱ ዋና ምክንያት ከመግዛት በፊት ስሌት አለመሠራቱ ነው። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ ከፀሐይ ምን ሊገኝ እንደሚችልና ምን ሊገኝ እንደማይችል ባጭሩ እንገልጻለን።

1. የአካባቢው ፀሐይ

ጥሩ ፀሐይ ባለበት የበጋ ቀን በ1 ሜትር ካሬ ቦታ ላይ ከ5 እስከ 6 ኪሎዋት ሰዓት የሚደርስ ኃይል ያርፋል። ይህም 1,000 ዋት የሚሆን ሙሉ ፀሐይ ከ5 እስከ 6 ሰዓት እንደበራ ይቆጠራል። በሐምሌና በነሐሴ ግን ደመናና ጭጋግ ስለሚበዛ ከ4 ሰዓት በላይ ብሎ ማስላት አይገባም።

የደጋው ብርድ ለመብራት መሣሪያው ይጠቅማል። ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ሰሌዳ በጋለ ቁጥር ኃይሉ ይቀንሳል፤ ለእያንዳንዱ 1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጭማሪ ከመቶ 0.4 ያህል ያጣል። ስለዚህ በጉና ግርጌ ያለ ሰሌዳ በበሽሎ በረሃ ካለው ተመሳሳይ ሰሌዳ ይልቅ በእኩል ፀሐይ የተሻለ ይሠራል።

2. ሙቀት

ከፀሐይ የሚገኘው ርካሹ ጥቅም ሙቀት ነው፤ ባትሪም ሆነ ሽቦ አያስፈልገውም። ለገላና ለልብስ ማጠቢያ የሚሆን ውሃ ለማሞቅ ቀጥሎ ያለው በቂ ነው።

ሀ) ወርዱም ቁመቱም 70 ሳንቲሜትር የሆነ የሳንቃ ሳጥን ይሠራል፤ ግርጌውና ጎኑ በደረቅ ጭድ ይጠቀጠቃል።

ለ) በጭዱ ላይ ቆርቆሮ ይነጠፋል፤ ቆርቆሮውና 20 ሊትር የሚይዘው የውሃ ዕቃ ጥቁር ቀለም ይቀባሉ።

ሐ) ሳጥኑ በመስኮት መስተዋት ይከደናል። መስተዋቱ ብርሃኑን ያስገባል፤ ሙቀቱን ግን በቀላሉ አያስወጣም።

መ) ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ፀሐይ ላይ ይቆያል። የውሃው ዕቃ እንፋሎት የሚወጣበት ቀዳዳ ሊኖረው ይገባል።

20 ሊትር ውሃን ከ15 ወደ 45 ዲግሪ ለማድረስ 0.7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ያስፈልጋል። በሳጥኑ ላይ ከሚያርፈው ፀሐይ ሲሶው ወደ ውሃው ከገባ ይህ ይሟላል። ውሃው ቀለም ሊነካው ስለሚችል ለመጠጥ አይሁን።

አዲስ ቤት የሚሠራ ገበሬም በታኅሣሥና በጥር ፀሐይ በቀትር ወደ ደቡብ እንደምታዘነብል ያስታውስ። ማለዳ ፊቱን ወደ ፀሐይ መውጫ አዙሮ የቆመ ሰው ቀኝ እጁ ደቡብን ያሳየዋል። በዚያ በኩል ያለው የድንጋይ ግድግዳ ዛፍ ካልጋረደው ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ውርጭ ሲወርድ ቀስ በቀስ ወደ ቤቱ ይመልሳል።

3. መብራት

የመብራቱ መሣሪያ አራት ክፍሎች አሉት። እነርሱም ሰሌዳው፣ ባትሪው፣ በሁለቱ መካከል ያለው መቆጣጠሪያና አምፖሎቹ ናቸው። ከመግዛት በፊት የቤቱ የአንድ ቀን ፍላጎት እንደሚከተለው ይሰላል።

ሁለት ባለ 3 ዋት አምፖሎች ለ4 ሰዓት፦ 24 ዋት ሰዓት
አንድ ባለ 3 ዋት ሬዲዮ ለ3 ሰዓት፦ 9 ዋት ሰዓት
አንድ ተንቀሳቃሽ ስልክ መሙያ፦ 12 ዋት ሰዓት
ድምር፦ 45 ዋት ሰዓት

ባለ 20 ዋት ሰሌዳ በክረምት በ4 ሰዓት ፀሐይ 80 ዋት ሰዓት ይሰጣል። ከዚህ ውስጥ በሽቦና በባትሪ የሚባክነው ከመቶ 30 ያህል ሲቀነስ 56 ይቀራል፤ ስለዚህ ለዚህ ቤት ይበቃል። ባለ 10 ዋቱ 28 ብቻ ስለሚያስገኝ ባትሪው በየቀኑ እየጎደለ ይሄዳል። ባትሪው ያለ ፀሐይ ሁለት ቀን እንዲያቆይ ደግሞ 90 ዋት ሰዓት መያዝ ይኖርበታል። የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች እንዲወርድ ስለማይፈቀድ 12 ቮልትና 15 አምፔር ሰዓት የሆነ ይመረጣል።

ይህ ሰሌዳ እንጀራ አይጋግርም። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይወስዳል፤ አንድ ሰዓት ተኩል ቢሠራ 5,250 ዋት ሰዓት ይበላል። ያንን ያህል ለማጠራቀም ባለ 20 ዋቱ ሰሌዳ ወደ 94 ቀን ይፈጅበታል። በመሆኑም ሶላር የገባበት ቤትም ኩበት ማንደዱን አይተውም። ኩበቱ ወደ ማሳው እንዲመለስ የሚፈልግ ገበሬ ከመብራቱ ጎን ለጎን ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ያስፈልገዋል።

4. ሲገዙና ሲይዙ

ሀ) ደህና ሰሌዳ በ1 ሜትር ካሬ 200 ዋት ያህል ይሰጣል። የተማሪ ደብተር የሚያህል ሰሌዳ ከ7 ዋት አይበልጥም፤ በጀርባው «50 ዋት» ተብሎ ቢጻፍ ሐሰት ነው።

ለ) ሰሌዳው ከ12 እስከ 15 ዲግሪ ወደ ደቡብ ዘንበል ይበል፤ ዝናብም አቧራውን ያጥብለታል። በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ከሆነ ነፋስ እንዲያልፍ በሥሩ ክፍተት ይተዋል፤ ለሣር ክዳን ቤት በምሰሶ ላይ ይሰቀል።

ሐ) ባለ 12 ቮልቱ ሰሌዳ በተለምዶ 36 ሕዋሶች በተከታታይ የተያያዙበት ስለሆነ የአንድ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ጥላ ሳይቀር ኃይሉን በብዙ ይቀንሰዋል።

መ) ባትሪው ሲጎድል መቆጣጠሪያው መብራቱን ያጠፋል። በዚህ ጊዜ አምፖሉን በቀጥታ ከባትሪው ጋር ማገናኘት ባትሪውን ይገድላል። ፀሐይ እስክትሞላው መታገሥ ይገባል።

5. ከቀድሞ ሥራዎች የተገኘ ትምህርት

በ1970ዎቹ መጨረሻ በመካከለኛው ኢትዮጵያ በሚጦ መንደር 10.5 ኪሎዋት የሆነ ተቋም ተተክሎ ለ300 ያህል ቤቶች መብራት ሰጥቷል። ለአንድ ቤት ሲካፈል 35 ዋት ይደርሳል። በኋላም ለውሃ መሳቢያና ለወፍጮ እንዲበቃ ወደ 30 ኪሎዋት ማደግ አስፈልጎታል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በሰሜን ሸዋ በሬማ መንደር ለየቤቱ አነስተኛ ሰሌዳ ሲተከል፣ የመንደሩ ወጣቶች ጥገና እንዲማሩና ባለቤቶቹ ለጥገና በየወሩ ገንዘብ እንዲያዋጡ ተደርጓል።

በእኛም አካባቢ ባትሪ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መለወጡ አይቀርም። ስለሆነም ገዢው ለኩራዝ ጋዝ ያወጣ ከነበረው ገንዘብ በየወሩ ጥቂት እንዲያስቀምጥ እንመክራለን። ጎረቤታሞች ተባብረው ከመካከላቸው አንድ ጎልማሳ ጥገና እንዲማር ቢያደርጉም ባትሪ በሞተ ቁጥር ሌላ በግ ወደ ገበያ ከመንዳት ይድናሉ።