«ስምንት ደምሬ ነው»፦ ሲቪ ላይ በቅንነት ስለሚሠራ ስህተት ተረትና እውነታ

በአንድ መሥሪያ ቤት የቅጥር ኮሚቴ ጸሐፊ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ከአእምሮዬ ያልወጣ አንድ ማለዳ አለ። የመጨረሻዎቹን እጩዎች ዋና ማስረጃ ከኮፒው ጋር የምናገናዝብበት ቀን ነበር። ተራዋ የደረሰው ወጣት የጽሑፍ ፈተናውን አልፋለች፤ ቃለ መጠይቁንም በጥሩ ውጤት ጨርሳለች። በእንግሊዝኛ የጻፈችው ሲቪ «ከሜይ 2019 እስከ ኦክቶበር 2022» ይላል፤ ሦስት ዓመት ከአምስት ወር ማለት ነው። ከፕላስቲክ ማኅደሯ ያወጣችው የሥራ ልምድ ደብዳቤ ደግሞ «ከግንቦት 2011 እስከ ጥቅምት 2014 ዓ.ም.» ይላል። ሰብሳቢያችን ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው በጣታቸው ቆጠሩ። ሁለት ዓመት ከአምስት ወር። ማስታወቂያችን የጠየቀው ሦስት ዓመት ነበር።

«እህቴ፣ ይቺ አንድ ዓመት ከየት መጣች?» አሏት።

«ስምንት ደምሬ ነው ጋሼ» አለች።

ማንም አልተናገረም። እኔ በቁራጭ ወረቀት ላይ አስልቼ እውነቷን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ኮሚቴው የሚያየው ግን ሌላ ነው፤ ሲቪው ከደብዳቤው አንድ ዓመት በልጧል፣ የበለጠውም መስፈርቱን የሚያሳልፋት ነው። ቅንነቷን ልታሳይ የምትችልበት ጊዜ ከሳምንታት በፊት አልፏል። ከዚያ ወዲህ ስለ ሲቪ ስህተት የሚነገሩትን ነገሮች ስሰማ እሷ ትዝ ትለኛለች። አብዛኞቹ ትክክል አይደሉም፤ ሰውንም ይጎዳሉ።

«ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ለመለወጥ 8 መደመር ነው»

ከሁሉም በላይ የተስፋፋው ተረት ይኸ ነው። የእኛ ዘመን ከፈረንጆቹ የሚያንሰው ዓመቱን ሙሉ በ8 አይደለም። ከመስከረም 1 ጀምሮ እነሱ ጃንዋሪ 1 እስከሚሉበት እስከ ታኅሣሥ 22 ወይም 23 ድረስ ልዩነቱ 7 ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ይሆናል። ስለዚህ ግንቦት 2011 ላይ 8 ሲደመር 2019 ይመጣል፤ ልክ ነው። ጥቅምት 2014 ላይ ግን የሚደመረው 7 ነው፤ 2021 ይሆናል። ልጅቷ ለሁለቱም 8 ደመረች፣ አንድ ያልሠራችው ዓመት በእጇ ገባ።

የሚገርመው ይኸው ስህተት ሲገለበጥ ነው። ከጥቅምት 2011 እስከ ግንቦት 2014 የሠራ ሰው ያለው ልምድ ሦስት ዓመት ከሰባት ወር ነው። ለሁለቱም 8 ከደመረ ሲቪው «ከኦክቶበር 2019 እስከ ሜይ 2022» ይላል፤ ሁለት ዓመት ከሰባት ወር። ለሁለቱም 7 ቢደምርም ልምዱ ያው ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ነው። ላቡን ያፈሰሰበት አንድ ዓመት በገዛ እጁ ጠፋ። ይህ ሰው ከእኛ ጠረጴዛ ፊት የመቅረብ ዕድል እንኳ የለውም፤ ሦስት ዓመት የሚጠይቅ ማስታወቂያ ላይ ገና በማጣራቱ ይወድቃል። ለምን እንደወደቀም የሚነግረው የለም። ስንቱ እንዲህ እንደቀረ ሳስብ ያንገበግበኛል።

መከላከያው አምስት ደቂቃ አይወስድም። በመጀመሪያ ደብዳቤው ላይ ባለው በእኛው ቀን ልምዳችሁን ቁጠሩ። ቀኑን ከለወጣችሁ በኋላ በፈረንጁም ቁጠሩ። ሁለቱ ካልተገናኙ የተሳሳተው መለወጡ ነው። የበጀት ዓመት ሲጻፍ ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ያሻል፤ «የ2014 በጀት ዓመት» የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን 2013 ስለሆነ ቁጥሩን ብቻ አይቶ የለወጠ ሰው ከመነሻው ይስታል።

«ዝም ካልኩ ማንም አያየውም»

ይህ እምነት ግማሽ እውነት ስላለው ነው ሰው የሚያታልለው። ሲቪ መጀመሪያ ሲታይ በእርግጥ በችኮላ ነው፤ የማስረጃ ክምር ፊቱ የተከመረበት ባለሙያ የትምህርት ደረጃና የልምድ ዓመት አይቶ ያልፋል። ማስታወቂያው ግን «ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒውን ይዘው» ሲል የጻፈው ለወግ አይደለም። ሁለተኛውና ጥንቁቁ ንባብ የሚመጣው ፈተናው ከታለፈ በኋላ፣ ለቤተሰብ «አልፌያለሁ» ከተባለ በኋላ፣ ዋስ የሚሆን ዘመድ ከተጠየቀ በኋላ ነው። ዝም የተባለበት ስህተት የሚወጣው ብዙ በሚያሳጣበት ሰዓት ነው። ከተቀጠሩ በኋላም ቢሆን ያው ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊሆን ይችላል፤ የግል ማኅደር የሚደራጀውና ደብዳቤዎች እንደገና የሚገለጡትም በእነዚሁ ሳምንታት ነው።

«ከላኩ በኋላ ማረም ራስን ማጋለጥ ነው»

በዚህ ላይ ረዘም ያለ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ስለሆነ።

እርማት የሚልክ ሰው ውሸታም ይባላል ብለው የሚፈሩ ብዙ ናቸው። በኮሚቴው ወንበር ላይ ሆኜ ያየሁት የተለየ ነው። ሰው ያልጠየቁትን ስህተት፣ ያውም የራሱን ዓመት የሚቀንስ ስህተት፣ ራሱ ሲያመጣ አንባቢው መጀመሪያ የሚያስበው «ይህ ሰው ወረቀቱን መልሶ ያነባል» የሚል ነው። የሂሳብ ወይም የንብረት ሥራ ላይ ሰው የሚፈልግ ኃላፊ ይህን ቀላል ነገር አድርጎ አያየውም። ጥርጣሬ የሚመጣው ስህተቱን እኛ ስናገኘውና እጩው ያኔ ሲያስረዳ ነው። ማብራሪያው አንድ ቃል ሳይለወጥ ያው ሊሆን ይችላል፤ ልጅቷ ያለችው «ስምንት ደምሬ ነው» ባመለከተች በሁለተኛው ሳምንት በደብዳቤ ቢደርሰን እርማት ይሆን ነበር። በመጨረሻው ቀን ጠረጴዛው ፊት ሲነገር ግን መከላከያ መሰለ።

የምዝገባው ቀን ካላለፈ ነገሩ ቀላል ነው፤ የታረመውን ማስገባትና የፊተኛው በዚህ እንዲተካ በግልጽ መጠየቅ። ሳይናገሩ ሁለተኛ ሲቪ መላክ ግን የባሰ ነው፤ ሁለት የማይገናኙ ሲቪዎች በአንድ ስም ማኅደር ውስጥ ይገኛሉና። ቀኑ ካለፈ ብዙ መሥሪያ ቤቶች አዲስ ማስረጃ አይቀበሉም፤ ያለውን ማረም ግን አዲስ ማስረጃ ማቅረብ አይደለም። በኢሜይል ያመለከተ በዚያው ኢሜይል ላይ መልስ አድርጎ ይላክ። በወረቀት ያስገባ ደግሞ ደብዳቤውን በመዝገብ ቤት በኩል ያስገባና ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ቀን በቀሪው ላይ ያስመታ። ያ ማኅተም «እኔ ነኝ ቀድሜ የተናገርኩት» የሚል ምስክር ነው።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። እንዲህ ቢባል በቂ ነው፦

«ለሂሳብ ሠራተኛ የሥራ መደብ ባስገባሁት ሲቪ ላይ የመጨረሻ ሥራዬ ያበቃበት ጊዜ ኦክቶበር 2022 ተብሎ የተገለጸው ዘመኑን ስለውጥ በሠራሁት ስህተት ነው። ትክክለኛው ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ወይም ኦክቶበር 2021 ነው። በዚህ መሠረት ያለኝ የሥራ ልምድ 2 ዓመት ከ5 ወር ይሆናል። የታረመውን ሲቪና የሥራ ልምድ ደብዳቤዬን አያይዤ አቅርቤያለሁ።»

ምን እንደተሳሳተ፣ ትክክሉ ምን እንደሆነ፣ በውጤቱ ላይ ምን እንደሚለውጥ። ሦስተኛውን ሰዎች ይዘሉታል፤ አንባቢውን የሚያሳምነው ግን እሱ ነው። ይቅርታ አንድ ጊዜ ቢጠየቅ አይከፋም፤ ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ግን ትንሹን ስህተት ትልቅ ያስመስለዋል።

እርማቱ ሁልጊዜ ሥራውን ያስገኛል አልልም። ማስታወቂያው ሦስት ዓመት ብሎ እናንተ ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ካላችሁ አታልፉም። ያ ግን «መስፈርት አላሟላችም» ተብሎ ይመዘገባል። «ያቀረበችው መረጃ ከማስረጃዋ ጋር አይገናኝም» ከሚል ቃለ ጉባኤ እጅግ ይሻላል፤ ነገ በዚያው ቤት ሌላ ማስታወቂያ ሲወጣ ያለ ሥጋት ማመልከት ያስችላል።

«የተሳሳተ ነገር ሲቪ ላይ መጻፍ ያስከስሳል»

በ1996ቱ የወንጀል ሕግ የሚያስቀጣው ሰነድን ወደ ሐሰት መለወጥ ወይም ሐሰተኛ መሆኑን እያወቁ በሰነዱ መገልገል ነው። በቀን ቆጠራ የሳተና ዋናውን ደብዳቤ ሳይነካ ያቀረበ ሰው እዚያ ውስጥ አይገባም። ነገር ግን ሁሉም ነገር «ተሳስቼ ነው» አይባልም። 2.96 የሆነን አማካይ ውጤት ማስታወቂያው 3.0 ስለጠየቀ 3.0 ብሎ መጻፍ፣ ተለማማጅ የነበሩበትን ቦታ «ኦፊሰር» ማለት፣ ሥራ የለቀቁበትን ወር መግፋት፤ እነዚህን ጸሐፊው ሲጽፋቸው ያውቃቸዋል። የቅን ስህተት ከሚባለው ጋር አብሬ ልቆጥራቸው አልችልም።

«ደብዳቤው ላይ ያለውን ስህተት በእስክሪፕቶ አስተካክዬ ማቅረብ እችላለሁ»

በፍጹም! ከሁሉ ይበልጥ የምፈራው ይህን ነው። አንዳንዴ የተሳሳተው ሲቪው ሳይሆን የቀድሞ መሥሪያ ቤት የሰጠው ደብዳቤ ነው፤ 2013ን 2012 ብሎ የጻፈ ታይፒስት አይጠፋም። ባለቤቱ እውነቱን ስለሚያውቅ ቁጥሩን በእስክሪፕቶ ያስተካክለዋል ወይም ደልዞ ይጽፍበታል። ማስረጃ ግን ስርዝ ድልዝ ካለበት ተቀባይነት የለውም። ከዚህ የከፋው ደግሞ ምንም ያላጠፋ ሰው በዚያች አንድ ቁጥር ምክንያት ሰነድ በመነካካት መጠርጠሩ ነው።

መንገዱ ደብዳቤውን ይዞ ወደሰጠው ቤት መመለስና በአዲስ ቁጥርና ቀን እንዲጻፍ መጠየቅ ነው። አዋጅ 1156/2011 አሠሪው ሠራተኛው ሲጠይቅም ሆነ የሥራ ውሉ ሲቋረጥ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። የለቀቁበት ቤት ተኮራርፈው የወጡበት ቢሆን እንኳ ይህ መብት ነው፤ ልመና አይደለም። እስኪደርስ ድረስ ለአዲሱ አሠሪ «ደብዳቤው ላይ ያለው ቀን የተሳሳተ በመሆኑ እንዲታረም ጠይቄያለሁ» ብሎ በጽሑፍ ማሳወቅ ይቻላል።

«ማንኛውም ስህተት እርማት ያስፈልገዋል»

አያስፈልገውም። «ኃላፊነት» በ«ሀ» መጻፉን ለማረም ደብዳቤ የሚልክ ሰው አንባቢውን ያሰለቻል። ቀን፣ የትምህርት ደረጃ፣ የሥራ መደብ መጠሪያ፣ ውጤት፣ ስልክ ቁጥር፤ እነዚህ ይታረሙ። ስም ደግሞ ከፊደል ስህተት የተለየ ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ዲግሪው ላይ አንድ ዓይነት፣ ፓስፖርቱ ላይ ሌላ ዓይነት የሆነ ስም አንድን ሰው ሁለት ሰው ያስመስለዋል። ሲቪው ላይ ያለው ስም ከምታቀርቡት መታወቂያ ጋር ፊደል በፊደል ይግጠም።

የዘመን አቆጣጠሩን ልዩነት ደግሞ በውጭ ያሉ ወገኖቻችን ጠንቅቀው ሊያውቁት ይገባል። አሜሪካ ውስጥ አሠሪው ታሪክ የሚያጣራ ድርጅት ሊቀጥር ይችላል፤ ያ ድርጅት አዲስ አበባ ያለውን የቀድሞ ቤት ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሊሆን ይችላል። ያኔ ሲቪውና መልሱ ሰባት ስምንት ዓመት ይራራቃሉ። በ1970 እ.ኤ.አ. የወጣው የአገሪቱ ሕግ እንዲህ ባለው የማጣሪያ ሪፖርት ምክንያት አመልካቹን ሊጥል ያሰበ አሠሪ ከመወሰኑ በፊት የሪፖርቱን ቅጂና የመብቶቹን መግለጫ እንዲሰጠው ያስገድዳል። ያንን ወረቀት ያገኘ ሰው ተስፋ ቆርጦ አይጣለው፤ ደብዳቤውን ከትርጉሙ ጋር አያይዞ የሁለቱን ዘመን ልዩነት በሁለት መስመር ያስረዳ።

እኔ ዛሬ ሲቪያቸውን እንድመለከትላቸው የሚጠይቁኝን ልጆች በመጀመሪያ የማሠራቸው አንድ ገጽ ሠንጠረዥ ነው። በአንድ በኩል ቀኑ ደብዳቤው ላይ እንዳለ፣ በሌላው በኩል የተለወጠው፣ በሦስተኛው የቆይታው ዓመትና ወር። ዋናው ማስረጃ ባለበት ማኅደር ከላይ ይቀመጣል፤ ማመልከቻ ሲሞሉ የሚገለብጡት ከሱ ነው፣ ከትዝታ አይደለም።