የደም ናሙናው ምን ይነግረናል?

ኢትዮጵያ ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒትን በነጻ ማደል የጀመረችው በጥር 1997 ዓ.ም. ነው። ያኔ ጭንቀቱ መድኃኒቱን ማዳረስ ነበር፤ ዛሬ በትክክል መሥራቱን ማረጋገጥም ተጨምሯል። ለምሳሌ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ የሚኖር ታካሚ የሰጠው ደም እዚያው ከተማ፣ በአማራ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ደሴ ቅርንጫፍ ላቦራቶሪ የቫይረስ መጠኑ ሊለካ ይችላል። በአንድ ሚሊ ሊትር ከ1,000 የቫይረስ ቅጂ በላይ ከተገኘ፣ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እንዲወስድ ተከታታይ ምክር ይሰጠዋል፤ ከዚያ ምርመራው ይደገማል። ውጤቱ ከዘገየ ግን ምክሩም ይዘገያል፤ ቫይረሱም መድኃኒቱን ለመላመድ ጊዜ ያገኛል። በአንጻሩ ምርመራው ቫይረሱ መገታቱን ያሳየላቸውና ጤናቸው የተረጋጋ ታካሚዎች የ6 ወር መድኃኒት በአንዴ መውሰድ ይችላሉ። ከሩቅ ገጠር ለሚመጣ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ የጤና ተቋሙ ነርስም ለታመመው የምትሰጠው ጊዜ ታገኛለች።