አራቱና ሦስቱ

በጥምር ስፖርት ደንብ ሰባት ሰው የሚሰለፍበት የእግር ኳስ ቡድን አራት የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆችና ውስንነቱ የሌለባቸው ሦስት አጋሮች ይኖሩታል። አሥራ አንድ ሰው ሲሰለፍ ስድስትና አምስት ይሆናል። ደንቡን ያወጣው ስፔሻል ኦሊምፒክስ፣ ዩኒስ ኬኔዲ ሽራይቨር ሐምሌ 13 ቀን 1960 ዓ.ም. በቺካጎ ባስጀመሩት ውድድር የተነሣ ድርጅት ነው። ያኔ ልጆቹ የሚወዳደሩት ለብቻቸው ነበር፤ ጥምረቱ የመጣው ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ለጨንቻ ትምህርት ቤቶች የሚሻለው ይህ ሁለተኛው መንገድ ነው ባይ ነኝ። የብቻ ውድድር በዓመት አንድ ቀን ያስደስታል፤ በማግስቱ ልጁ ወደ ነበረበት ጥግ ይመለሳል። ጥምር ቡድን ግን በተለመደው የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ሊሠራ ይችላል። በጨንቻ አካባቢ ባሉት የዶርዜ መንደሮች እናት ስትፈትል፣ አባት ሲሸምን፣ ልጅም እንደ አቅሙ ሲያግዝ ይውላል። ፊደል የሚከብደው ልጅ በቤቱ ያለውን ቦታ የሚያጣው ትምህርት ቤት ሲገባ ነው፤ ማንበብ የማይጠይቀው የስፖርት ክፍለ ጊዜ ያንን ቦታ ሊመልስለት ይችላል።

ጠንካሮቹ አጋሮች ኳሱን ይዘው ሌሎቹን ተመልካች ያደርጓቸዋል የሚል ስጋት ይነሣል። ስጋቱ እውነት ነው፤ ደንቡም ለዚሁ ሲባል ሁሉም ተጫዋች የሚጨበጥ ድርሻ እንዲኖረው ያዛል። ጨዋታውን ብቻውን የሚይዝ አጋር የቱንም ያህል ግብ ቢያስቆጥር የተሰለፈበትን ሥራ አልሠራም፤ መምህሩም ሊያርመው ይገባል። የጤናው ስጋት ይበልጥ ይከብዳል። ዳውን ሲንድረም ካለባቸው ልጆች ግማሽ ያህሉ ከልብ ችግር ጋር ይወለዳሉ። ጨንቻ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ የታመመ ልብና ሳንባ በዚህ ከፍታ ይበልጥ ይፈተናል። የአንገታቸው አጥንት መገጣጠሚያ የላላባቸውም ስላሉ ሐኪም ሳያያቸው በቴስታ መምታት አይገባቸውም። ይህ ሁሉ የሚጠይቀው አስቀድሞ መመርመርን ነው፤ ልጁን ከሜዳ ለማስቀረት ግን ምክንያት አይሆንም። በጀት የለም ለሚለውም መልስ አለ። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 30 አካል ጉዳተኛ ልጆች በትምህርት ቤት ጨዋታና ስፖርት እኩል እንዲሳተፉ ይደነግጋል። ስለዚህ ነገሩ ገንዘብ ሲተርፍ የሚታሰብ ችሮታ አይደለም፤ ለመጀመርም ሜዳና ኳስ ይበቃል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ተቃውሞ ልጆቹ ጭራሽ ትምህርት ቤት አይመጡም የሚለው ነው። ከኀፍረት ወይም ከስስት የተነሣ በጓዳ የሚቀሩ አሉና ይህን መካድ አይቻልም። የአራትና ሦስት ደንብ ያለው ትልቅ ጥቅም የሚታየኝም እዚህ ላይ ነው። ሜዳ ላይ ከሦስት በላይ አጋር አይፈቀድም፤ ከአራቱ አንዱ ሲጎድል በጎበዝ ተጫዋች አይተካም። ቡድኑን ሊያሟላ የፈለገ መምህር አራተኛውን ልጅ ፍለጋ በየደጁ መሄድ፣ ከወላጆቹም ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ይኖርበታል።