«ዕረፊ» የተባለች ነፍሰ ጡርና ቤተ ሰቧ

ከአጅባር እስከ መካነ ሰላም ባለው ደጋ በመምህርነት የኖርን ሰዎች የተማሪዎችን ስም መጥሪያ መዝገብ ስናገላብጥ፥ በየቤቱ የተሰወረውን ነገር ብዙ ጊዜ ከጎረቤት ቀድመን እናያለን። በወንዶች ስም አንጻር የቀሪ ምልክት ሲበዛ አጨዳ መድረሱን እናውቃለን። የሴት ልጅ መቅረት ግን ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ በጓዳ ውስጥ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የ6ኛ ክፍል ተማሪ፥ ከክፍሏ አንደኛ ወይም ሁለተኛ የምትወጣ ልጅ፥ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቀረችብን። ብንጠይቅ «እናቷ ነፍሰ ጡር ናት፤ ደም ስለ ታያት ሐኪሞቹ ተኝተሽ ዕረፊ አሏት» የሚል መልስ አገኘን።

ልንጠይቃት ሄድን። እናቲቱን ግን ተኝታ አላገኘናትም፤ ከምድጃው አጠገብ በበርጩማ ላይ ተቀምጣ ሊጥ ታቡካ ነበር። ልጅቱ በጀሪካን ውሃ ተሸክማ ከኋላችን ገባች። «ዕረፊ ተብለሽ የለምን?» ብንላት፥ «የኔታ፥ ልረፍስ ብል ማን ይጋግርልኛል?» አለችን። ባልዋም ክፉ ሰው አልነበረም። ለሕክምናው አንድ በግ ሸጧል፤ ሐኪም ቤት ድረስ በበቅሎ አድርሷታል፤ የሚገባውን ሁሉ እንደ ፈጸመ ያምን ነበር። የጎደለው በሐኪሙ ቃልና በቤቱ ሥራ መካከል ያለው ነው። ኪኒን ቢታዘዝ ከመድኀኒት ቤት ይገዛል፤ ዕረፍት ግን ከየትም አይገዛም። እናት የምታርፈው ሥራዋን ሌላ ሰው ሲያነሣላት ብቻ ነው። ያን ጊዜ ያነሣችው የ12 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ዋጋውንም በትምህርቷ ትከፍል ነበር።

ስለዚህ ነገር ከመጻፋችን በፊት የዛሬው ሕክምና ዕረፍትን እንዴት እንደሚያየው መናገር ይገባል። በቀደመው ዘመን በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ ሐኪሞች ፅንሱ ያለ ጊዜው እንዳይወለድ በመፍራት ነፍሰ ጡሪቱን ለሳምንታት፥ አንዳንድ ጊዜም ለወራት፥ ከአልጋ እንዳትወርድ ያዝዙ ነበር። ኋላ ግን ነገሩ ሲመረመር የታሰበው ጥቅም አልተገኘም። በአህጉራችን በዚምባብዌ፥ በሐራሬ ከተማ፥ መንታ ባረገዙ እናቶች ላይ የተደረገውና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1985 የታተመው ጥናት፥ በሆስፒታል አልጋ ላይ መዋል የእርግዝናውን ጊዜ እንዳላረዘመ አሳይቷል። ከዚያም ወዲህ የተደረጉት ምርመራዎች ፍጹም መተኛት ያለ ጊዜው መውለድን እንደሚከለክል ማስረጃ አላገኙም። ጉዳቱ ግን ታውቋል፤ ደም በእግር ሥር ውስጥ ይረጋል፤ ጡንቻ ይላላል፤ አጥንት ይሳሳል፤ ሆድ ይደርቃል፤ መንፈስም ይጨነቃል።

ይህን ስንል ዕረፍት አያስፈልግም ማለታችን አይደለም፤ እንዲህ የሚል ቢኖር የገጠር ሴትን ሸክም አላየም። የእንግዴ ልጁ ወደ ማሕፀን አፍ ወርዶ ደም የሚያሳያት፥ የእርግዝና ደም ግፊት የጀመራት፥ ወይም መንታ የያዘች እናት ሸክም፥ ዳገትና ረጅም መቆም እንዲቀርላት ሐኪም ሊያዝዝ ይችላል። ልዩነቱ ከሸክም በማረፍና እንደ ግንድ ተጋድሞ በመዋል መካከል ነው። ስለዚህ ባል ወይም እናት አብረው ሄደው አዋላጅ ነርሷን በግልጥ ይጠይቁ፤ ከምን ከምን ልትርፍ? እስከ መቼ? በግቢ ውስጥ መራመድ ትችላለችን? ሩካቤ ይፈቀዳልን? በኀፍረት ያልተጠየቀ ጥያቄ በኋላ ጎረቤት በየመልኩ ይመልሰዋል።

አሁን ወደ አልጋው እንምጣ። በአገራችን ደጋ የብዙ ሰው መኝታ መደብ ነው። መደብ ዝቅ ያለ ከሆነ ድርስ እርጉዝ ሴት ከዚያ መነሣት ይከብዳታልና፥ የጠፍር አልጋ ካለ ለእርሷ ይሁን፤ ከሌለም በመደቡ ላይ ጭድ የተሞላ ፍራሽ ጨምሮ ከፍ ማድረግ ይቻላል። ከእርግዝናው ሰባተኛ ወር ወዲያ በጀርባ ከመተኛት በጎን መተኛት ይሻላል፤ በጀርባዋ ስትተኛ የከበደው ማሕፀን ታላቁን የደም ሥር ይጫነዋልና። የታጠፈ ጋቢ በጉልበቶቿ መካከል፥ ሌላም ከሆዷ ሥር ቢደረግላት የወገብ ሕመሙ ይቀልላታል። ባና መልካም ነው፤ ብርዱ ሲጠና ግን ሁሉም ወደ ምድጃው ስለሚጠጋ አልጋዋ በጭሱ መካከል ይውላል። ጭስ ለእርሷም ለፅንሱም አይበጅም። እሳቱ በውጭ ወይም በማድ ቤት ቢነድ፥ እርሷንም ልብስ ቢያሞቃት ይሻላል። መጸዳጃው ሩቅና ዳገት ከሆነም ፖፖ ማቅረብ ነውር አይደለም።

በምትተኛበት ጊዜ ቁርጭምጭሚቷን በየጊዜው ታዙር፤ እግሯን ታጥፍ፥ ትዘርጋ። ሐኪም ካልከለከለ በቀን ጥቂት ጊዜ ተነሥታ በግቢው ውስጥ ትመላለስ። አንድ እግሯ ብቻ አብጦ ቢያማት ወይም ትንፋሽ ቢያጥራት ግን የረጋ ደም ሊሆን ይችላልና ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ቤት ትሂድ። ውሃ በኩባያ ሁልጊዜ ከአጠገቧ ይኑር። ጎመን፥ ምስር፥ ያልተበጠረ የገብስ ዱቄት ቂጣ የሆድ ድርቀትን ይከላከላሉ፤ ለደም የሚሰጣት የብረት ኪኒን ድርቀት ያመጣል ብላ እንዳትተወው። ኪኒኑንም ከቡና ጋር አትውሰደው፤ ቡና የብረቱን ጥቅም ይቀንሳልና። ቡናው ወደ አልጋዋ መምጣቱን ግን እንወዳለን፤ ቡናው ሲመጣ ሰው ይመጣላታል፤ እርሷም ጥቂት ቀምሳ ጨዋታውን ትካፈል።

ስለ ጠያቂዎች ግን አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። በወሊድ ስለ ሞተች ሴት በነፍሰ ጡር አልጋ ራስ የሚያወራ ሰው ባይመጣ ይሻላል። ተኝታ የምትውል ሴት ጭንቀቷ ከሥራ ድካም ይከብዳል፤ በቤቱ ላይ ሸክም የሆነች ይመስላታል። እንዝርትና ባዝቶ፥ ወይም ስፌት በእጇ ቢሆን፥ ልጆቿን ቤት ውስጥ ፊደል ብታስቈጥር፥ ሽሮው ስንት ቀን እንደሚበቃ እርሷ ብትወስን ቤቱን እንደምታስተዳድር ታውቃለች። ቀን ከቀን የምታለቅስ፥ እንቅልፍና ምግብ የጠላች ከሆነች ግን ይህም ሕመም ነውና ለሐኪም ይነገር።

ከዚህ ጋር ሁለት ልማዶችን እናንሣ። አንደኛው ሆድ ማሸት ነው። በእርግዝናዋ ደም ያየች ሴት ሆዷ ሊታሽ፥ የልምድ አዋላጅም በእጅ ልትመረምራት ፈጽሞ አይገባም፤ የእንግዴ ልጁ ዝቅ ብሎ እንደ ሆነ የእጅ መንካት ብቻ ከባድ መድማት ያስነሣል። ሁለተኛው ጾም ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ምእመናን በዓመት 180 ያህል ቀን ይጾማሉ። ብዙ ነፍሰ ጡሮች ጎረቤት እንዳይታዘባቸው ሲሉ በሕመማቸውም ጊዜ ይጾማሉ። ነገር ግን ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጽ ስለ ጾም ሲናገር ሕመም ያገኘውን ሰው ግድ አይለውም። የነፍስ አባት ይህን ለሴቲቱ ብቻ ሳይሆን ለባልዋና ለአማቷም ቢነግር እንቁላሉና ወተቱ ያለ ሐሜት ወደ አፏ ይገባል። ለቅዳሴ መቆም የከበዳት ትቀመጥ፤ ጸበልም ካሻት ዳገት ከምትወጣ ካህኑ ወደ ቤቷ ያምጣላት።

በወንጌል እመቤታችን ወደ ተራራማው የይሁዳ አገር ወጥታ በእርጅናዋ ከፀነሰች ከዘመዷ ከኤልሳቤጥ ዘንድ ሦስት ወር ያህል እንደ ቆየች እናነባለን። መጽሐፉ በዚያ ቤት ምን ምን እንደ ሠራች አይዘረዝርም፤ ነገር ግን ለሰላምታ ብቻ ሦስት ወር የሚቀመጥ የለም።

የተማሪያችንን ነገር ወደ ቅሬው ዳኛ ይዘን ሄድን። ዳኛውም «ቅሬ እኮ ለሞተ ነው» አሉን። እውነታቸው ነው፤ በወሎ ቅሬ ሟችን ይቀብራል፥ ኀዘንተኛን ያስተዛዝናል፥ የታመመን ሰውም በቃሬዛ ተሸክሞ ሐኪም ቤት ያደርሳል፤ እንጀራ ለመጋገር ግን ተጠርቶ አያውቅም። በዚያ ተቀምጠው የነበሩ አንዲት እስላም አሮጊት ጎረቤት ግን «ለቀብሯ ከምንሰበሰብ ለእንጀራዋ ብንሰበሰብ ምን አለበት?» አሉ። ከዚህ በኋላ ክርክር አልተደረገም። ሰኞና ሐሙስ ሁለት ሁለት ቤት እየሆኑ እንጀራ እንዲጋግሩላት፥ ውሃውን የጎረምሶች ተራ እንዲያመላልስ፥ እህሉን ባልዋ በአህያ ጭኖ ወፍጮ ቤት እንዲወስድ ተወሰነ። የክርስቲያኑና የእስላሙ ቤት ሥጋ ባይቀላቅሉም እንጀራና ውሃ የሚያለያይ ነገር የላቸውም። ባልዋ ሽሮ መሥራት ጀመረና ሳምንት ያህል ተሳቀበት፤ ሽሮው ጥሩ መሆኑ ሲታወቅ ሣቁ ቆመ።

መውለጃው ሲቃረብ ደግሞ ሌላ ችግር መጣ። ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ በሚወርደው ገደል አጠገብ ለሚኖር ሰው በሌሊት ደም የፈሰሳትን ሴት በቃሬዛ ማድረስ ማለት ብዙ ጊዜ ዘግይቶ መድረስ ነው። ለዚህ በአገራችን የታወቀው መፍትሔ በጤና ተቋሙ አጠገብ የሚሠራው የእናቶች ማቆያ ቤት ነው። በጉራጌ አገር፥ ከወልቂጤ አጠገብ ያለው፥ በካቶሊክ ደናግል የተመሠረተው አጣጥ ሆስፒታል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1970ዎቹ ጀምሮ እንዲህ ያለ ቤት ከፍቶ አስጊ እርግዝና ያለባቸውን እናቶች ሲያስቀምጥ ኖሯል። ከ1987 እስከ 2008 በዚያ ከወለዱት 24,148 እናቶች መካከል 6,805ቱ ከማቆያው ቤት የገቡ ነበሩ። ከእነዚህ የሞቱት ሲሰላ ከ100,000 ወሊድ 90 ያህል ሲሆን፥ ከቤታቸው በቀጥታ ከመጡት ግን 1,333 ያህል ነበር። ልዩነቱ ሁሉ የቤቱ ውጤት ነው አንልም፤ በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ምጥ ጠንቶባቸው፥ ደክመው የደረሱ ናቸውና። ግን ቁም ነገሩ ይኸው አይደለምን? አስቀድማ የደረሰችው በዚያ ሁኔታ አልደረሰችም።

በአገር ደረጃም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 በተደረገው ጥናት ከ100,000 ወሊድ 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2016ቱ ጥናት ቍጥሩ 412 ሆኗል። ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በዚህ ድርሻ አላቸው። ሆኖም ማቆያ ቤት የምትገባ እናት በቤቷ የምትተዋቸው ልጆች፥ ላሞችና ዶሮዎች አሏት፤ ብዙዎች «ቤቴን ማን ይጠብቅልኛል?» ብለው ይቀራሉ። በቤት ውስጥ ለዕረፍቷ የወጣው ተራ ለማቆያ ቤቱም ጊዜ ሊቀጥል ይገባል፤ ምግቧን የሚያበስል አንድ ዘመድም አብሯት ይሂድ።

በዚህ መካከል ቤተ ሰቡ ሁሉ፥ ልጆቹም ጭምር፥ የአደጋውን ምልክት ይወቁ። ደም መፍሰስ፥ የእንሽርት ውሃ መፍሰስ፥ ጽኑ ራስ ምታት፥ የዐይን መደብዘዝ፥ የፊትና የእጅ ማበጥ፥ መንቀጥቀጥ፥ ትኩሳት፥ ጽኑ የሆድ ቍርጠት፥ የፅንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ ከታየ «ትንሽ ትተኛና ይለፍላታል» አይባልም። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ቃሬዛው ወይም መኪናው ነው። ለዚህም ገንዘቡ፥ ደም የሚለግሰው ሰውና የሚሸከሙት ጎረምሶች አስቀድመው በስም ይታወቁ።

ተማሪያችን ተራው በወጣ በአራተኛው ቀን ወደ ክፍል ተመለሰች፤ በመዝገቡ ላይ 15 የቀሪ ምልክት ነበረባት። የክፍልፋይ ሒሳብ አምልጧት ስለ ነበር ከትምህርት በኋላ ከእኛ ዘንድ እየቀረች ተማረችው። እናቷ በዘጠነኛው ወር መግቢያ ወደ ሐኪም ቤት ቀርባ ተቀመጠች፤ የእንግዴ ልጁ ዝቅ እንዳለ ስለ ነበር በቀዶ ሕክምና ወንድ ልጅ ተገላገለች። በ40 ቀኑም ክርስትና ተነሣ። እርሷ ግን ቁስሉ እስኪጠግግ ድረስ ለስድስት ሳምንት ከባድ ነገር እንዳታነሣ ታዝዛ ነበርና፥ የሰኞና የሐሙስ ጋጋሪዎች ከክርስትናው በኋላም መምጣታቸውን አልተዉም ነበር።