ዒርቁ-ን-ነሳ፦ ከወገብ እስከ እግር የሚወርደው ሕመም

(ከሬዲዮ ዝግጅታችን የጤና ክፍል ለመጽሔታችን አንባቢያን እንዲስማማ ሆኖ የቀረበ)

ቢስሚላሂ-ር-ረሕማኒ-ር-ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ለዛሬው ዝግጅታችን መነሻ የሆነን አንድ አድማጫችን በስልክ የላኩልን የድምፅ መልእክት ነው። እኚህ ወንድማችን ሸክም ተሸክመው ቤተሰባቸውን የሚያስተዳድሩ የአራት ልጆች አባት ናቸው። ከሁለት ወር በፊት አንድ ኩንታል እህል ከመኪና ሲያወርዱ ወገባቸውን ያዛቸው። በማግስቱ ሕመሙ ከወገባቸው ተነሥቶ በመቀመጫቸውና በጭናቸው ጀርባ ወርዶ እስከ ትንሿ የእግራቸው ጣት ድረስ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝራቸው ጀመር። ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ “ብርድ ነው” አላቸው፤ ሌላው “ሪህ ነው” አላቸው፤ ሦስተኛው “ዓይን በልቶህ ነው” አላቸው። “ከተነሣህ ሽባ ትሆናለህ” ስለተባሉም አንድ ወር ያህል መሬት ላይ ተነጥፎላቸው ተኙ። ወጌሻ መጥቶ ወገባቸው ላይ ቆሞ ረገጣቸው። ለውጥ ግን አልመጣም።

“ከሕመሙ ይልቅ ያንገበገበኝ ሶላቴ ነው” አሉን። “ተቀምጦ መስገድ ስንፍና ስለመሰለኝ ጥርሴን ነክሼ ሱጁድ እወርዳለሁ። ልጄ ካልደገፈኝ ግን መነሣት አልችልም።”

መልእክታቸውን ሊጨርሱ ሲሉ ደግሞ እንደ ዋዛ አንዲት ነገር ጣል አደረጉ። “ከትላንት ወዲህ በኢስቲንጃ ጊዜ ውሃው በደንብ አይሰማኝም፤ ሽንትም እንደ ድሮው አይመጣልኝም” አሉ። ይህችን የመጨረሻ ቃላቸውን ያዙልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ሕመሙ ምንድን ነው?

ሐኪሞች ይህን ሕመም ሳያቲካ ይሉታል። የዐረብኛ ስሙ ዒርቁ-ን-ነሳ ነው። ለኛ ለሙስሊሞች ስሙ አዲስ አይደለም። በሱረቱ ኣሊ ዒምራን 93ኛው አንቀጽ ላይ ነቢዩላህ የዕቁብ (ዐ.ሰ.) በራሳቸው ላይ እርም ስላደረጉት ምግብ ተወስቷል። የተፍሲር ሊቃውንት ከኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) ይዘው እንደሚያወሱት፣ የዕቁብ ይህን ያደረጉት ዒርቁ-ን-ነሳ ይዟቸው፣ ሌሊት እንቅልፍ ነስቷቸው፣ አላህ ካሻራቸው ሊተዉት ተስለው ነው። እንግዲህ ይህ ሕመም ነቢይንም ያስጨነቀ ከሆነ፣ የተያዘው ሰው ኢማኑ ደካማ ስለሆነ ነው ወይም ተረግሞ ነው ብሎ መናገር አይገባም።

የሕመሙ ስም ከነርቩ ስም የመጣ ነው። ይህ ነርቭ በሰውነታችን ውስጥ ካሉት ሁሉ ትልቁ ሲሆን ውፍረቱ የእጅ ጣት ያህላል። ከወገባችን ታችኛ ክፍል የሚወጡ አምስት የነርቭ ሥሮች ተጋምደው ይሠሩታል። ከዚያም በመቀመጫ ውስጥ አልፎ በጭን ጀርባ ይወርዳል፤ ጉልበት አካባቢ ሲደርስ ለሁለት ተከፍሎ እስከ እግር ጣቶች ይዘልቃል። ስለዚህ ሥሩ ወገብ ላይ ሲነካ ሕመሙ የሚሰማው እግር ላይ ነው። ብዙዎች እግራቸውን እያሹ መድኃኒቱን ያላገኙት በዚህ ምክንያት ነው።

ሥሩን ብዙ ጊዜ የሚነካው በአከርካሪ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ የተቀመጠው ዲስክ ነው። ይህንን በ1934 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቦስተን ከተማ ሚክስተርና ባር የተባሉ ሁለት ሐኪሞች አሳምነው ጻፉ። እኛ “ዲስክ ተንሸራተተ” እንላለን እንጂ ዲስኩ ከቦታው ተነሥቶ አይሄድም። ሽፋኑ ተሰንጥቆ ምስሩ እንደወጣ ሳምቡሳ፣ የዲስኩ ውጫዊ ሽፋን ሲሰነጠቅ ውስጡ ያለው ለስላሳ ነገር ወጣ ብሎ ነርቩን ይጫነዋል፤ ያስቆጣዋልም። የወጣው የሳምቡሳ ምስር በመርገጥ እንደማይመለስ ሁሉ፣ ይህም ወገብ ላይ በመቆም አይመለስም። ወጌሻ ለወለምታ የሚሰጠውን ጥቅም አንክድም፤ ነርቭ የተጫነበትን ወገብ መርገጥና መጠምዘዝ ግን ጉዳቱን ሊያብሰው ይችላል።

በዕድሜ የገፉ ወላጆቻችን ዘንድ ደግሞ የነርቩ መተላለፊያ ራሱ ይጠባል። እነዚህ ትንሽ ሲራመዱ እግራቸው ይዝልና ይታመማል፤ ሲቀመጡ ወይም ወደ ፊት ሲያጎነብሱ ይቀልላቸዋል። በእርግዝና ጊዜም ሕመሙ ሊነሣ ይችላል።

መተኛት ያድናልን?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ረጅም መኝታ በየቤታችን እንደ መድኃኒት ይታዘዛል። በ1999 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድስ የወጣ ጥናት 183 የዚህ ሕመም ተጠቂዎችን ለሁለት ከፍሎ አንደኛውን ወገን ሁለት ሳምንት አስተኛ፤ ሌላውን ወገን እንደ አቅሙ እንዲንቀሳቀስ ተወው። ከ12 ሳምንት በኋላ በሁለቱም ወገን ከመቶ 87ቱ ተሽሏቸው ነበር። የተኙት ከመተኛታቸው ያገኙት ብልጫ አልነበረም። በሥራው የሚያድር ሰው ግን አንድ ወር ሲተኛ የልጆቹ ጉሮሮ አብሮ ይዘጋል፤ ጡንቻውም ይሟሽሻል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ አብዛኛው ታማሚ በአላህ ፈቃድ በሳምንታት ውስጥ ይሻለዋል፤ ወጣ ያለውንም የዲስክ ክፍል ሰውነት ራሱ ቀስ በቀስ ይመጠዋል። ሁለተኛ፣ ሕመሙ ሲበረታ አንድ ሁለት ቀን ማረፍ ነውር የለውም፤ ከዚያ በኋላ ግን መነሣት ያስፈልጋል።

በቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

አምስት ወይም ዐሥር ደቂቃ በደልዳላ መንገድ ተራመዱ፤ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ደጋግሙት። ሲሻላችሁ ጨምሩ። መስጂዱ ቅርብ ከሆነ ይህ ራሱ ጥሩ ልምምድ ነው። አንድ መለኪያ እንስጣችሁ፦ ስትንቀሳቀሱ ሕመሙ ከእግር ወደ ላይ ወደ ወገብ ከተሰበሰበ መልካም ምልክት ነው፤ ወደ ታች ወደ እግር ከሸሸ ያንን እንቅስቃሴ ተዉት።

ስትተኙ በጀርባችሁ ከሆነ ከጉልበታችሁ ሥር፣ በጎን ከሆነ በጉልበቶቻችሁ መካከል ትራስ አድርጉ። በቀኝ ጎን መተኛት ሱና መሆኑ የታወቀ ነው፤ የታመመው ቀኝ እግር ሆኖ እንቅልፍ ከነሳችሁ ግን በግራ መዞር ነውር የለውም።

ረጅም ሰዓት አትቀመጡ። መሬት ላይ ተቀምጦ ግማሽ ቀን ጫት መቃም ለዚህ ነርቭ ጠላት ነው፤ ሲጋራም ለዲስኩ አይበጅም። እናቶችና እኅቶች ሳፋው ላይ አጎንብሰው ልብስ ከሚያጥቡ ሳፋውን ከፍ ያለ ነገር ላይ ቢያስቀምጡት ይሻላል። 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ይመዝናል። በሁለት ትናንሽ ጀሪካን ከፍሎ በሁለት እጅ መያዝ ወገብን ያሳርፋል። ዕቃ ስታነሡ ጉልበታችሁን አጥፉ፤ ዕቃውንም ወደ ሰውነታችሁ አስጠጉ። በቤት ያለ ጎልማሳ ልጅም ውሃውን በመቅዳት ለእናቱ በጎ መዋልን አይርሳ።

ስለ መድኃኒትና ስለ መርፌ

እንደ ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎች ለዚህ ሕመም የሚሰጡት እፎይታ መጠነኛ ነው። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርም፣ ሐኪም ሳያማክሩ ሊወስዷቸው አይገባም። መርፌ ከክኒን ይበልጣል ብላችሁ ከየቦታው አትወጉ። ቦታውን ስቶ መቀመጫ ላይ የተወጋ መርፌ ያንኑ ነርቭ ሊጎዳው ይችላል።

በረመዷን ክኒን የግድ የሆነበት ታማሚ አላህ ባገራለት ይጠቀም፤ ጾሙን ሲሻለው ይከፍላል። በባዶ ሆድ ማስታገሻ ውጦ ጨጓራን ማቁሰል የጾም ዓላማ አይደለም።

ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገው ለጥቂቶች ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. እንዲሁ በኔዘርላንድስ በወጣ ጥናት ቶሎ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው ሰዎች ሕመሙ ፈጥኖ ለቀቃቸው። ዓመት ሲሞላ ግን ጠብቀው ከቆዩት ጋር እኩል ሆኑ። ስለዚህ አደገኛ ምልክት እስከሌለ ድረስ ታማሚው ከሐኪሙ ጋር መክሮ የመወሰን ጊዜ አለው።

ስለ በግ ላት

ብዙ አድማጮች ስለ ላት ይጠይቁናል። ኢብኑ ማጃህ ከአነስ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት ሐዲስ፣ ለዒርቁ-ን-ነሳ የዐረብ በግ ላት ቀልጦ፣ ለሦስት ተከፍሎ፣ በየቀኑ አንዱ ክፍል በባዶ ሆድ እንደሚጠጣ ተወርቷል። ኢብኑል ቀዪም ይህንን ሲያብራሩ፣ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ንግግሮች ለሰው ሁሉ የሆኑ እንዳሉ ሁሉ ለአንዳንድ አገር ሰዎች የሆኑም እንዳሉ፣ ይህም ለሒጃዝና ለአካባቢው ሰዎች የተነገረ መሆኑን ጽፈዋል። በመሆኑም ሐዲሱን አናቃልልም፤ ነገር ግን የዑለማኦቹን ማብራሪያ ሳንይዝ፣ የልብ ወይም የስብ ችግር ያለበትን ሰው ላት እያጠጣን ሕክምናውን እንዲተው አናደርግም። በሽታን ያወረደው አላህ መድኃኒቱንም እንዳወረደና እንድንታከም ያስተማሩን ራሳቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ናቸው።

ሶላታችንስ?

የወንድማችን ጭንቀት መልስ አለው። ሰሃባው ዒምራን ኢብኑ ሑሰይን (ረ.ዐ.) በታመሙ ጊዜ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ ሶላት ጠይቀው፣ ቆመው እንዲሰግዱ፣ ካልቻሉ ተቀምጠው፣ ይህንንም ካልቻሉ በጎናቸው ሆነው እንዲሰግዱ እንደነገሯቸው ቡኻሪ ዘግበዋል። ስለዚህ ሩኩእና ሱጁድ ያቃተው ሰው በምልክት ይሰግዳል፤ ለሱጁድ ሲሆን ከሩኩእ ይበልጥ ዝቅ ይላል። መቆም የሚችል፣ ማጎንበስ ግን ያቃተው ሰው እንዴት እንደሚሰግድ በመዝሀቦች መካከል ልዩነት ስላለ የአካባቢያችሁን ዓሊም ጠይቁ።

ይህ ስንፍና አይደለም። አላህ የሰጠንን ሩኽሷ መቀበል ነው። ባሪያው ሲታመም ጤነኛ ሆኖ ይሠራው የነበረው መልካም ሥራ እንደሚጻፍለት በሶሒሕ ሐዲስ ተነግሯል። ጥርስን ነክሶ ነርቭን የሚጎዳ ሱጁድ መውረድ ከዚህ የበለጠ አጅር አያመጣም።

ቀን የማይሰጡ ምልክቶች

አሁን ወደ ወንድማችን የመጨረሻ ቃል እንመለስ። ዲስኩ በብዛት ወጥቶ የነርቮቹን ጭራ በሙሉ ሲጫን፣ ኮርቻ ላይ ስንቀመጥ ኮርቻውን የሚነካው የሰውነታችን ክፍል ይደነዝዛል። ሽንት ይታገዳል ወይም ሳይታወቅ ያመልጣል፤ ዓይነ ምድርም እንዲሁ። ሁለቱም እግሮች ሊዝሉ ይችላሉ። ይህ በሰዓታት የሚቆጠር አደጋ ነው። ቶሎ ካልታከመ የሽንትና የእግር ጉዳቱ ዕድሜ ልክ ሊቀር ይችላል።

ሙስሊም በቀን ብዙ ጊዜ በውሃ ኢስቲንጃ ስለሚያደርግ ይህን ምልክት ከሌላው ሰው ቀድሞ የማወቅ ዕድል አለው። ውሃው አልሰማ ካላችሁ ነገን አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ሂዱ። ሐያእም አይያዛችሁ። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) የአንሷር ሴቶችን ያመሰገኑት እፍረት ዲናቸውን ከመጠየቅ ስላላገዳቸው ነው። እናቶች ሆይ፣ ለወንድ ሐኪም መናገር ከከበዳችሁ ባለቤታችሁ ወይም ልጃችሁ ይንገሩላችሁ፤ ብቻ አትደብቁ።

የሚከተሉትም ያለ መዘግየት ሐኪም ዘንድ ያስሄዳሉ፦ የእግር መዳፍ ወደ ላይ አልነሣ ብሎ መጎተት፣ ከወገብ ሕመም ጋር ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ፣ ከመውደቅ ወይም ከአደጋ በኋላ የመጣ ሕመም፣ ቀድሞ ካንሰር የነበረበት ሰው ሕመም። በአገራችን የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ እንዳለ፣ ያልፈላ ወተት ከመጠጣት የሚመጣው ብሩሴሎሲስም ወገብን እንደሚያጠቃ አትርሱ።

ለወንድማችን መልእክታቸውን እንደሰማን ደውለን በዚያው ሌሊት ወደ ሆስፒታል እንዲሄዱ ነገርናቸው። በማግስቱ ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ በእግራቸው ይሄዳሉ፤ ሽንታቸውንም ይቆጣጠራሉ። የደነዘዘው ቦታ ግን እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ታሪካቸውን እንድንናገር የፈቀዱልን፣ እሳቸው በመጨረሻ ያነሷትን ነገር ሌላው ሰው በመጀመሪያ እንዲያነሣት ብለው ነው። አሁን ወንበር ላይ ተቀምጠው በጀማዓ ይሰግዳሉ።

አላህ የታመሙትን ሁሉ ያሽርልን፤ ጤነኞቹንም በጤናቸው እንዲጠቀሙበት ያድርግ። ኣሚን።