የሶፍትዌር አማካሪ ዋጋ በሰዓት ሲለካ

እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2012 ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ አክሲዮን አገበያይ ኩባንያ በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። ለአዲስ የግብይት አገልግሎት የተጻፈው ኮድ በስምንት ሰርቨሮች ላይ መጫን ነበረበት። ባለሙያው ሰባቱ ላይ ጭኖ ስምንተኛውን ዘለለው። በዚያ ሰርቨር ላይ ከ2003 ጀምሮ ጥቅም ላይ መዋል ያቆመ አሮጌ ኮድ ሳይሰረዝ ተቀምጦ ነበር። ገበያው ሲከፈት ይህ ኮድ ነቃና 212 ትዕዛዞችን ለመፈጸም ሲል ከአራት ሚሊዮን በላይ ግብይቶችን አካሄደ። ሠራተኞቹ በጥድፊያ አዲሱን ኮድ ከሰባቱ ደህና ሰርቨሮች ሲያነሱት ጭራሽ በእነሱም ላይ አሮጌው ሥራ ጀመረ።

የአሜሪካ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ተቆጣጣሪ በምርመራው እንዳረጋገጠው፣ የጫኚውን ሥራ ሁለተኛ ሰው እንዲያይለት የሚያስገድድ አሠራር በኩባንያው አልነበረም። ከገበያው መከፈት በፊት ሲስተሙ ራሱ 97 ኢሜይሎችን ለሠራተኞች ልኮ ነበር፤ እንደ ማስጠንቀቂያ የቆጠራቸው ግን አልተገኘም። ኩባንያው 12 ሚሊዮን ዶላር ተቀጥቶ በ2013 ከሌላ ድርጅት ጋር ተዋሐደ።

ልምድ ያለው ባለሙያ ስምንቱን ሰርቨሮች አንድ በአንድ ለማመሳከር ደቂቃዎች ይበቁታል። ሥራው በሰዓት ቢሰላ ክፍያው ከምሳ ሒሳብ አይበልጥም። በዳነው ገንዘብ ቢሰላ ግን ሌላ ነው። በግሉ የሚሠራ አንጋፋ የሶፍትዌር አማካሪ ገበያ ላይ ይዞ የሚወጣው ይህን ዓይነቱን አገልግሎት ነው፤ አስቸጋሪነቱም ገዢው ያልደረሰበትን ኪሳራ ማየት ስለማይችል ነው።

የዚህ ሰው የሥራ ዝርዝር ኮድ ከመጻፍ ሰፋ ይላል። የጨረታ ሰነድ ከመውጣቱ በፊት ድርጅቱ የሚያስፈልገውን ከሚመኘው ይለያል። ሌሎች ጽፈውት የሄዱትን ኮድ ያነብባል፤ የዳታቤዙን ጤንነት ይፈትሻል። ከአሮጌው ሲስተም ወደ አዲሱ መረጃ ሲዛወር ሒሳቡ እስከ ሳንቲም መመሳከሩን ያረጋግጣል። ሲስተሙ ሥራ በሚጀምርበት ቀን ነገሩ ቢበላሽ በምን መንገድ ወደ ነበረበት እንደሚመለስ አስቀድሞ ይጽፋል። አንዳንዴም ትልቁ ምክሩ «ይህን አትግዙ» የሚለው ነው።

ገንዘብና የሰው ብዛት ይህን ዕውቀት እንደማይተኩት ያሳየው ሄልዝኬር ዶት ገቭ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድኅን መመዝገቢያ በኦክቶበር 1 ቀን 2013 ሲከፈት፣ በመጀመሪያው ቀን ምዝገባውን መጨረስ የቻሉት ስድስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ከ50 በላይ ተቋራጮች ሥራውን ተከፋፍለውት ነበር። ከጉግል የመጣውን ማይኪ ዲከርሰንን ጨምሮ ለማዳን የተጠሩት ጥቂት ባለሙያዎች የገጠማቸው የመጀመሪያው ጉድለት፣ ድረ ገጹ የት ላይ እንደሚሰናከል በአንድ እይታ የሚያሳይ መቆጣጠሪያ አለመኖሩ ነበር። መቆጣጠሪያውን አበጁ፣ ጠዋትና ማታ አጭር ስብሰባ ጀመሩ፣ በስብሰባውም ባለ ሥልጣኑ ሳይሆን ጉዳዩን የሚያውቀው እንዲናገር ደነገጉ። በሁለት ወር ገደማ ድረ ገጹ ለአብዛኛው ተጠቃሚ መሥራት ጀመረ። ፍሬድ ብሩክስ በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ ሰው መጨመር ይበልጥ እንደሚያዘገየው ያስረዳው በከንቱ አልነበረም።

ታዲያ ገበያው ለእንዲህ ዓይነቱ ባለሙያ ተገቢውን ዋጋ የማይሰጠው ለምንድን ነው? ምላሹ በኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ የ1970 ጥናት ውስጥ ይገኛል። ያገለገለ መኪና ገዢ ደህናውን ከብልሹው መለየት ካልቻለ ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል፤ በዚያ ዋጋ መሸጥ የማያዋጣው የደህና መኪና ባለቤት ከገበያው ይወጣል፤ የሚቀረው ብልሹው ይሆናል። አከርሎፍ በ2001 የኖቤል ሽልማት የተጋራው በዚህ ዘርፍ ባበረከተው ሥራ ነው። የሶፍትዌር ምክርም ጥራቱ ከግዢ በፊት አይታይም። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበን ብቻ የሚመርጥ ድርጅት አንጋፋዎቹን በገዛ እጁ ያባርራል።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ሲዛባ ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር። ባንኩ ችግሩ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን ገልጾ፣ ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ እንደተወሰደበት አስታውቋል፤ አብዛኛውንም በቀጣዮቹ ሳምንታት አስመልሷል። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ በዶላር የሚከፈል የሶፍትዌር ፈቃድ በብር ሲመነዘር እጅግ ከብዷል። የተሳሳተ ግዢ ድሮ ከሚያስከፍለው የበለጠ ያስከፍላል ማለት ነው።

ከውጭ የሚገዛው ሲስተም የአገሩን አሠራርም አያውቅም። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 እንደሚጀምር፣ ጳጉሜን ለብቻዋ ደመወዝ እንደማይከፈልባት፣ ሰው በቤተሰብ ስም ሳይሆን በራሱና በአባቱ ስም እንደሚጠራ ተነግሮት መስተካከል አለበት። ይህን በውል ሰዓት ያላነሳ ገዢ በኋላ ለእያንዳንዷ ማስተካከያ ተጨማሪ ይከፍላል። የአገር ውስጥ አማካሪ ብልጫም እዚህ ላይ ነው።

የግል አማካሪ ስጋትም አለው። አንድ ሰው ነውና ሊታመም ወይም የተሻለ ሥራ አግኝቶ ሊሄድ ይችላል። ከሻጩ ኩባንያ ኮሚሽን የሚቀበል ከሆነ ምክሩ ምክር መሆኑ ይቀራል። ስለዚህ ውሉ ከሻጮች ጋር ያለውን ጥቅም በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ማስገደድ አለበት። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለኮምፒዩተር ፕሮግራም ጥበቃ ስለሚሰጥ፣ የኮዱ ባለቤት ማን እንደሆነ በግልጽ መስፈር ይኖርበታል። የሰርቨርና የዳታቤዝ ይለፍ ቃሎች በድርጅቱ እጅ ይሁኑ፤ ከአማካሪው ጎን ሥራውን የሚረከብ አንድ የድርጅቱ ሠራተኛ ከመጀመሪያው ቀን ይመደብ።

የቦርድ አባላትና የፋይናንስ ኃላፊዎች በዚህ በጀት ዓመት ሲስተም ለመግዛት ካሰቡ፣ ዋናውን ውል ከመፈረማቸው በፊት ለጥቂት ሳምንታት የሚቆይ፣ ለብቻው የሚከፈልበት ፍተሻ ለገለልተኛ አማካሪ ይስጡ። የፍተሻው ውጤት ጠቃሚ ካልሆነ የሚያጡት ትንሽ ነው፤ ጠቃሚ ከሆነም ለቀጣዩ ሥራ ማንን እንደሚቀጥሩ በተግባር አይተዋል።